ስድስት ስፖንጅና አንድ የማይስማማ ጎማ፦ አዳማ ላይ ሰባት ወር የሠራሁበት የፖሊሽ ስብስብ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር፤ የመኪና ፖሊሽ ማድረጊያ ስፖንጆቹ ጥሩ ናቸው፣ አብሯቸው የመጣው፣ ስፖንጁን ማሽኑ ላይ የሚይዘው ጎማ ግን ማሽን ላይ መታሰር የለበትም። ስብስቡን ልትገዙ ካሰባችሁ ይህን ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱም ቅር አይለኝም። የቀረውን የምጽፈው እኔ በሰው መኪና ላይ የተማርኩትን ሌላው ሳይከፍልበት እንዲያውቀው ብዬ ነው።

የምሠራው አዳማ፣ ከአሮጌው የአዲስ አበባ መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች ላቫጆ ነው። እጥበቱን ልጆቹ ይሠራሉ፣ ፖሊሹ የኔ ነው። በሳምንት ሁለት መኪና ፖሊሽ አደርጋለሁ፤ አብዛኛው ቪትዝና ኮሮላ ነው፣ አልፎ አልፎ አባዱላም ይመጣል። ማሽኖቼ ሁለት ናቸው። አንዱ በአንድ ዘንግ ላይ ዝም ብሎ የሚሽከረከረው ሮታሪ ነው፤ ሌላው እየተሽከረከረ የሚርገበገበው፣ እኛ ዲኤ የምንለው።

ስብስቡን መስከረም ላይ በ3,400 ብር ገዛሁት። ካርቶኑ ላይ የአምራች ስም የለም፣ መጠኑ ብቻ ተጽፏል። ውስጡ ስድስት ስፖንጅ አለ፤ ሦስት ብርቱካናማ ሻካራ፣ ሁለት ቢጫ መካከለኛ፣ አንድ ጥቁር ለስላሳ። ሁሉም ስፋታቸው 150 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 25 ነው። ከነሱ ጋር ቬልክሮ (ስፖንጁን ይዞ የሚያጣብቅ ሻካራ ጨርቅ) ያለው፣ ሮታሪው ላይ የሚታሰር ጎማ ሳህን አለ። እሱም 150 ሚሊ ሜትር ነው። ስገዛ «እኩል ናቸው፣ ልክክ ይላሉ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጣጣው የጀመረው ከዚያው ነው።

ሦስተኛው መኪና ጥቁር ኮሮላ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ ልጃቸው እሁድ ልትዳር ስለሆነ መኪናው ለሙሽራ እንዲደርስ ፈልገው ዓርብ ጠዋት አመጡት። ኮፈኑ ላይ የጨርቅ ጭረት ሞልቶበታል፤ ፀሐይ ላይ ሲታይ የሸረሪት ድር የወረደበት ይመስላል። ብርቱካናማውን አሰርኩ፣ ሮታሪውን በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ አደረግኩት፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝም ክብደቴን ጫንኩበት። የኮፈኑን ግማሽ ሳልጨርስ የተቃጠለ ማጣበቂያ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ፤ ይቺን ቦታ ብቻ ልጨርስ አልኩ። ወዲያው ማሽኑ እጄ ላይ ቀለለኝ፣ ስፖንጁ ከቬልክሮው ተላቆ በረረና ግድግዳውን መታ። እጄ ላይ የቀረው ባዶ ጎማ ኮፈኑ ላይ አርፎ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ጠረበበት።

አባትየው ወንበራቸው ላይ ሆነው አይተዋል። ተነሥተው መጡና መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መኪናው አልነበረም። «ልጄ፣ አንተን አገኘህ ወይ?» አሉኝ። ኮፈኑን ያንኑ ቀን ቀለም ቀቢ ጋ ወስጄ በራሴ ገንዘብ አስቀባሁት፤ እሁድ ጠዋት መኪናው አበባውን ለብሶ ወጣ። እኔ ግን ያ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣ አለኝ፤ ምክንያቱን ሳላውቅ ሌላ መኪና መንካት አልፈለግኩም።

ሰኞ ስፖንጁን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቄ አየሁት። ዳሩ እንደ አዲስ ብርቱካናማ ነው። መሀሉ ላይ፣ የሲኒ ማስቀመጫ በሚያህል ክብ ውስጥ፣ ስፖንጁ ቡናማ ሆኖ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ማጣበቂያው እዚያ ቦታ ላይ ያብለጨልጫል፤ በጥፍሬ ስጎትተው እንደ ማር ተለጠጠ። ዳር ያለው ማጣበቂያ ደግሞ ደረቅና ጠንካራ ነው። ነገሩ ገባኝ፤ ስፖንጅ የሚሞተው ቀለሙን ከሚነካው ፊቱ ሳይሆን ከጀርባውና ከመሀሉ ነው። ዳሩ ነፋስ ያገኛል፣ መሀሉ ግን ከላይ በጎማው ከታች በቀለሙ ተዘግቶ ሙቀቱን ይዞ ይቀራል። ስፖንጁ ሲጫኑት እየታጠፈ ከውስጡም ይሞቃል። ከጠቅላላው ዕቃ ደግሞ ለሙቀት ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ማጣበቂያው ነው። መሀላቸው ቀዳዳ ያላቸው ስፖንጆች የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሙቀቱ መውጫ እንዲያገኝ።

የጎማው ጥፋት ከዚህ ላይ ይጨመራል። ጎማውና ስፖንጁ እኩል ሲሆኑ የስፖንጁ ዳር መታጠፊያ አያገኝም። እጄ ትንሽ ካዘነበለ ክብደቱ ሁሉ አንድ ጠርዝ ላይ ያርፍና ቬልክሮውን ከዳር ጀምሮ ይልጠዋል። ጎማው ከስፖንጁ ያነሰ መሆን አለበት። 125 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ከመርካቶ በ900 ብር አስመጣሁ፤ ስፖንጁ በዙሪያው 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ተርፎ ይወጣል። ያቺ ትርፍ ለመኪናውም ለስፖንጁም ትራስ ናት። እሱን ካሰርኩ ወዲህ አንድም ስፖንጅ በርሮብኝ አያውቅም። ስለዚህ የስብስቡ ትክክለኛ ዋጋ 3,400 ሳይሆን 4,300 ብር ነው፤ ስታወዳድሩ እንደዚያ ቁጠሩት።

ፍጥነቱን በተመለከተ አንድ ቀን በስልኬ ካልኩሌተር አስልቼ ደነገጥኩ። 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ስፖንጅ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ዳሩ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። 3,000 ላይ ከተደረገ 84 ኪሎ ሜትር አለፈ ማለት ነው። ስፖንጅ በዚያ ፍጥነት የታርጋ ጠርዝ ወይም የስፖኪዮ ጥግ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። አሁን ለጭረት ማውጫ ከ1,500 እስከ 1,800፣ ለማጨረሻ 1,200 አካባቢ እሠራለሁ። ከ2,000 በላይ አልነካም። የማሽኑ ክብደት ራሱ ብዙውን ይሠራል፤ እኔ የምጨምረው እንዳይዘል የሚይዘውን ያህል ብቻ ነው። አንድ ቦታ ከጨረስኩ በእጄ ጀርባ ቀለሙን እነካለሁ። እጄን ማቆየት ካልቻልኩ ስፖንጁም ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ሌላ እቀይራለሁ።

ዲኤ ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። በጎማው ጎን ላይ በማርከር አንድ ጥቁር መስመር አሰመርኩ። ማሽኑ ሲሠራ መስመሩ ሲዞር ይታያል። ቆሞ ከታየኝ ወይ በጣም ተጭኛለሁ ወይ ስፖንጁ ጠፍጣፋ አላረፈም። የማይዞር ዲኤ አንዱን ቦታ ብቻ እየፈገፈገ ያሞቀዋል፣ ጭረቱም አይወጣም። ይህ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለዲኤ ትንሽ ይበዛል፤ ማሽኑ ሲርገበገብ ስፖንጁ ወደ ጎን ስለሚጣመም ጉልበቱ ቀለሙ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ለሮታሪ ግን ልኩ ነው። ለዲኤ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ቀጠን ያለ ፈልጉ።

ሁለተኛውን ብርቱካናማ የገደለው መብራት ነው። ኅዳር ላይ አንድ ነጭ ቪትዝ እየሠራሁ ድንገት መብራት ሄደ። ማሽኑን ኮፈኑ ላይ እንዳለ አስቀምጬ ወጣሁ። ረዳቴ «አለቃ፣ ሻይ ልጥራ?» አለኝ፣ ተቀመጥን። የማሽኑ ማብሪያ ግን ተቆልፎ ነበር፤ ጣቴን አንስቼዋለሁ እንጂ ቁልፉን አልፈታሁትም። ሻዩ ሳይደርስ መብራት መጣና ማሽኑ ብቻውን ተነሣ። ዘሎ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ገባ፣ ስፖንጁ መጥረጊያው ክንድ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ዳቦ ተቆረሰ። ደግነቱ ቀለሙ አልተነካም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን ይህ ነው፤ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ሁለተኛ ቁልፉ ይፈታል፣ ሦስተኛ ማሽኑ ስፖንጁን ወደ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ይቀመጣል። ቀለሙ ላይ የቀረው ፖሊሽ ሳይደርቅ በጨርቅ ይነሣል። የደረቀ ፖሊሽ ላይ መልሶ ማሽን ማስነሣት ስፖንጁን በብርጭቆ ወረቀት ላይ እንደማሸት ነው።

ጠርዝና ጥግ ላይ ናስትሮ እለጥፋለሁ፤ ኮፈን ዳር፣ የበር እጀታ፣ የኋላ በር ላይ ያለው የመኪናው ስም፣ አንቴና፣ የውሃ መርጫዋ ትንሽ ቀዳዳ። ናስትሮው ቀለሙንም ይጠብቃል፤ ጠርዝ ላይ ቀለም ቀጭን ነው። ሮታሪ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚዞር ጠርዙ ጋ ሲደረስ የአያያዝ ነገር አለው። ስፖንጁ ከመኪናው ወደ ውጭ እየጠረገ እንዲወጣ አድርጎ መያዝ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ከገባ ጠርዙ እንደ ቢላ ይበላዋል። ማሽኑ የሚበራው ስፖንጁ ቀለሙ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ከቀለሙ የሚነሣውም ከቆመ በኋላ ነው። አየር ላይ አስነሥቶ ማሳረፍ መጀመሪያ ፖሊሹን ልብስ ላይ ይረጫል፣ ቀጥሎ ስፖንጁን ይነክሳል።

አሁን ስለ ከተማችን። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ አፈሯ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ነፋሷን ደግሞ ኮረብታው ላይ የቆሙት ተርባይኖች ይመሰክራሉ። አቧራው በጣት ሲታሸ ዱቄት ይመስላል፣ ቀለም ላይ ሲታሸ ግን ይቆርጣል። በፈጣን መንገዱ የመጣ መኪና ደግሞ ፊቱ ላይ ነፍሳት ተለጥፎበት፣ ፓራውልቱ ላይ ሬንጅ ተፈናጥሮበት ነው የሚደርሰው። መኪናውን ሁለት ጊዜ ሳላጥብ፣ ከዚያም ቀለሙን በክሌይ (የተጣበቀ ቆሻሻ በሚያነሣ ሊጥ መሰል ነገር) እያለሰለስኩ የተጣበቀውን ሳላነሣ ማሽን አልነካም። ስፖንጅ ውስጥ አንድ ጊዜ የገባ አሸዋ በቀላሉ አይወጣም፤ ስፖንጁንም ይበላል፣ የሚቀጥለውን መኪናም ይጭራል። መሬት ላይ የወደቀ ስፖንጅ ሳይታጠብ ወደ ማሽን አይመለስም፤ ረዳቴ ይህን ሲረሳ እቆጣለሁ፣ ደግሞም ልክ ነኝ።

ፖሊሹን የመቀባት ነገር ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። ደረቅ ስፖንጅ ቀለሙን ይይዝና ይዘላል፣ ሲዘል ይቀደዳል። ስለዚህ አዲስ ወይም የታጠበ ስፖንጅ ስጀምር ፊቱን በሙሉ በጣቴ ስስ አድርጌ እቀባዋለሁ፣ መሀሉንም ዳሩንም። ከዚያ በኋላ አተር የሚያህሉ አራት ጠብታ ለግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቦታ ይበቃል። ሲበዛ ደግሞ ስፖንጁ ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ይሞቃል። አንድ ቦታ በጨረስኩ ቁጥር ማሽኑን በዝግታ እያዞርኩ ፊቱን በደረቅ ፎጣ እጠርገዋለሁ ወይም በለስላሳ የፕላስቲክ ብሩሽ አራግፈዋለሁ። ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) የሌላቸው አሮጌ ነጭ ሚኒባሶች ላይ ይህ በጣም ያስፈልጋል። የሞተው ቀለም ራሱ ስፖንጁ ላይ ይወጣል፣ ብርቱካናማው በሁለት ደቂቃ ኖራ የነካው ይመስላል። ለእንደዚያ ዓይነት መኪና አራት ስፖንጅ አዘጋጅቼ እያፈራረቅኩ ነው የምሠራው። አንዱ ሲሞቅ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። በአንድ ስፖንጅ መኪና የሚጨርስ ሰው ስፖንጁን እየገደለ ነው፤ ሲፈራረቁ ግን እያንዳንዳቸው ረጅም ዕድሜ ያገኛሉ።

ሲወጣም አያያዝ አለው። ገና ትኩስ እያለ ከአንድ ዳር ይዞ መሳብ ማጣበቂያውን ይልጠዋል። ትንሽ ይቀዝቅዝና ጣትን በጎማውና በቬልክሮው መሀል እያስገቡ በዙሪያው ማላቀቅ ነው።

አንዷ ቢጫ በእጥበት ሞተች። ረዳቴ ደግ ልጅ ነው፣ ንጹሕ ይሁንልኝ ብሎ በፈላ ውሃና በበረኪና ዘፈዘፋት። ጠዋት ሳነሣት ቬልክሮው እጄ ላይ ቀረ፣ ስፖንጁ ሳፋው ውስጥ። አልተናገርኩትም፤ ነግሬው አላውቅም ነበርና ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን የምናጥበው ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ሥራው ባለቀ በዚያው ሰዓት ነው፤ ከደረቀ ብሩሹ ስፖንጁን እየቆረሰ ነው የሚያጸዳው። ፊቱን በአውራ ጣት እየተጫንን ነጩ ውሃ እስኪጠራ እናጥበዋለን። አንጠመዝዘውም። ጨምቀን፣ ማሽኑ ላይ መልሰን በዝቅተኛ ዙር ባልዲ ውስጥ እናሽከረክረዋለን፣ ውሃው ይረጫል። ከዚያ ፊቱን ወደ ታች፣ ቬልክሮውን ወደ ላይ አድርገን ሽቦ ወንፊት ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ውሃው ከማጣበቂያው ሸሽቶ ወደ ታች እንዲወርድ። መጀመሪያ ውጭ ገመድ ላይ እንሰቅለው ነበር። የአዳማ ነፋስ ባለበት እርጥብ ስፖንጅ ውጭ መስቀል ማለት አቧራ መሰብሰብ ማለት ነው፤ ፀሐዩም ስፖንጁን ያደርቀዋል፣ ቆይቶ ይፈረፈራል። አሁን ከውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው የሚደርቀው። ሲደርቅ እያንዳንዱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ለየብቻው ይገባል።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሦስቱ ሞተዋል፤ አንዱ በጎማውና በጭነቴ፣ አንዱ በመብራቱ፣ አንዱ በበረኪናው። በራሱ ድክመት የተበላሸ አንድም የለም። ሦስተኛው ብርቱካናማ ዳሩ ትንሽ ተልጧል፣ ስፖንጁም ለስልሷል፣ ግን እስካሁን ለጭረት ሳይሆን ለመካከለኛ ሥራ እያገለገለኝ ነው። የቀረችው ቢጫና ጥቁሩ ምንም አልሆኑም። ጥር ላይ ያንኑ ስብስብ ደግሜ ገዛሁ፤ ከሁለተኛው ስብስብ እስካሁን አንድም አልሞተም። በሁለቱ ስብስብ ሃምሳ ያህል መኪና ሠርቻለሁ።

የማልወድላቸው ነገርም አለ። ቬልክሮው ከስፖንጁ ጋር እኩል ተቆርጧል፤ ትንሽ ገባ ብሎ ቢቆረጥ ኖሮ ደረቁ ዳሩ ፕላስቲክና ጎማ ላይ ሲያርፍ አይጭርም ነበር። የቀለማቸው ነገርም ያሳስታል። የዚህ ስብስብ ብርቱካናማ ሻካራ ነው፤ ሌላ ቦታ የገዛሁት ብርቱካናማ ግን መካከለኛ ሆኖ አገኘሁት። ቀለማቸው ሻካራነታቸውን አያሳያችሁም፣ በእጃችሁ ጫኑት። ትንንሽ ቦታ የሚገባ 80 ሚሊ ሜትር ስፖንጅም ስብስቡ ውስጥ የለም፤ የስፖኪዮ ሥርና የበር እጀታ ዙሪያ በትልቁ ልሥራ ብትሉ ወይ ስፖንጁን ወይ ቀለሙን ታጣላችሁ። እሱን ለብቻው ግዙ።

ስለ ሱቁ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዕቃው አለ፣ ዋጋው ከጠየቅኳቸው ሌሎች ሁለት ቦታዎች ይሻላል። በሁለተኛው ጊዜ ግን ባለሱቁን «ጎማውን አስቀርና ከዋጋው ቀንስልኝ» ብዬ ስጠይቀው «ስብስቡ አይበተንም ወንድሜ» አለኝ። የኮሮላውን ኮፈን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየውና ለሚቀጥለው ጭነት 125 ሚሊ ሜትሩን ለብቻው እንደሚያዝ ነገረኝ። አምጥቶት ከሆነ ቅዳሜ ሄጄ ሁለት እወስዳለሁ፤ ካላመጣ ከመርካቶው እጨምራለሁ። እናንተም ከገዛችሁ አሮጌውን ጎማ ማሽን ላይ ሳታስሩ ቬልክሮውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ምቱት፤ የደረቁ ስፖንጆች መስቀያ ይሆናል፣ የኔዎቹ እዚያ ነው ያሉት።